ያለ ምርቃት የማይበተን ስብሰባ

የእንጭኒው ጋሪ ነጂ ኦቦ ጃርሶ ሲመርቁ፣ ዝናቡ እንኳ ‹‹አሜን›› እስኪባል ደመናው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በሰፈራችን ሽማግሌ ሳይመርቅ ስብሰባ አይበተንም፤ መራቂው ደግሞ እሳቸው ናቸው።

እዚሁ ኮሌጅ ሊሠራ ነው ተባለና ‹‹ሕዝቡን እናወያይ›› ብለው ጠሩን። መሐንዲሱ ፕላኑን ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ሁሉም ያምራል፤ በሩ ብቻ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ አስፋልቱን ያያል። የኦቦ ጃርሶ ልጅ ኤቢሴ ቀን ሱቅ ውላ ማታ ለመማር ቋምጣለች። በዚህ ፕላን ግን በጨለማ ከሰፈራችን ጎን ያለውን ገደል ዞራ ልትገባ ነው። ዶሮዋ ግን ከቤታቸው የሚዋሰነውን የኮሌጁን አጥር አንዴ ብትዘል ክፍል ውስጥ ናት!

‹‹ወደ እኛም በር ይውጣ›› አሉ ኦቦ ጃርሶ።

‹‹አስተያየትዎን እናየዋለን›› አለ ሰብሳቢው። ‹‹በሉ አሁን ይመርቁንና ምሳ እንብላ።››

‹‹እኔም ምርቃቱን አየዋለሁ›› ብለው ቁጭ አሉ።

ሰብሳቢው ሌሎቹን ሽማግሌዎች ቢለምን፣ የሁሉም ጉሮሮ ባንዴ ታመመ። ራሱ ሊመርቅ ቢነሣ ‹‹አሜን›› የሚል ጠፋ። የጥብሱ ሽታ በመስኮት ገባ፤ የመሐንዲሱ ሆድ ከማይክራፎኑ በላይ ጮኸ። በመጨረሻ እስክሪብቶ መዝዞ በእኛ በኩል በር ሣለ።

‹‹ይኼ ለድመት ነው?›› አሉት ኦቦ ጃርሶ።

በሩን አሰፋው።

‹‹ፈርምበት።››

ፈረመ። ኦቦ ጃርሶ ተነሡ። መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥለው ማጠፊያውን፣ ከዚያ በሩን የሚያልፉትን ሁሉ በየስማቸው መረቁ። ምሳው እራት እስኪሆን ማንም ንቅንቅ አላለም።