መርፌው ከገባ እህል ይከተል

ነገ የአያቴ አርባ ነው። ወገዳ ጤና ጣቢያ የስኳር ሕመም ትምህርት ተምረው በተመለሱ ቁጥር፣ በትራቸውን ሳያስቀምጡ እኛን ያስተምሩን ነበር። «መርፌው ከገባ?» ይላሉ። «እህል ይከተል!» እንላለን። ድምፃችን ካነሰ ያስደግሙናል።

ፍልሰታ ሲገባ ግን፣ ጠዋት መርፌያቸውን ተወግተው ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አልቀምስም አሉ።

«አባባ፣ የራስዎ ትምህርትስ?» አልኋቸው።

«ጾም የሚፈታልኝ የነፍስ አባቴ እንጂ ሐኪም አይደለም። እኔ መጠየቁን አፍራለሁ፤ እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ።»

«እሺ፣ ነገ» አልሁ። የቄሱ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ዝናቡም ነበር፣ አረሙም ነበር። ነገ እያልሁ አምስት ቀን አለፈ። በስድስተኛው ቀን ቅዳሴ ቆመው ሳለ ላብ አጠመቃቸው፤ እንደ ወደቁም ቀሩ።

ከቀብር መልስ ለቄሱ ሁሉንም ነገርኋቸው። «ልጄ፣ ለታመመ ሰው እኮ ይፈታለታል። ብትነግሪኝ በእጄ አጎርሳቸው ነበር» አሉኝ።

ዛሬ ማዕድ ሲቀርብ «መርፌው ከገባ?» ብሎ የሚጠይቀን የለም። መልሱን ግን እኔ አውቀው ነበር።