ቤት ላለው ልጅ ያነሰ ደመወዝ

በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የልጅ ልጄ ቢቸና ባለው የዱቄት ፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ሲገባ፣ አጠገቡ ቆሞ ያንኑ ማሽን ከሚጠግነው ሰው ያነሰ ደመወዝ ተቆረጠለት። ትምህርቱ አንሶ አይደለም። ሥራውም ቀሎ አይደለም። እኔ ቤት ስለሚያድርና ከእኔ ማዕድ ስለሚበላ ነው።

እኔ ብዙ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ እንደምንም እስከ አራተኛ ክፍል ገፋሁ። የልጁ እናት፣ ልጄ፣ እሱ ገና ዳዴ ሲል ሞተችብኝ። ገበያ ወጥቼ ጌሾና ብቅል እየሸጥሁ አሳደግሁት፤ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ማሽን ጥገና ተማረ። የምንኖርባት ቤት የቀበሌ ናት። ጠባብ ብትሆንም ለሁለታችን ትበቃ ነበር።

መጀመሪያ ቀን ከሥራ ሲመጣ ከጆሮው ጀርባ ሳይቀር ዱቄትና ግራሶ አንድ ላይ ተለውሶበት ነበር። "አንተ፣ ሠራተኛ ብዬ ልኬህ ሊጥ ሆነህ መጣህ?" አልሁት። ስቆ ቱታውን ደጅ አወለቀ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

አብሮት የሚሠራው ጓደኛው የሞጣ ተወላጅ ነው። ቢቸና ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ፋብሪካው ሞጣም አለ፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ ሰው ነው። አንድ የበዓል ቀን የልጅ ልጄ ይህን ጓደኛውን ቤት ይዞት መጣ።

"ብላ እንጂ፣ ምን ያሳፍርሃል? የእናንተ ደመወዝ እንደሆነ ከሽሮ አያልፍም" አልሁት።

"የእኔስ ትንሽ ያልፋል፣ እማማ። ዶሮዋ ላይ ባይደርስም እንቁላሏን ይገዛል።"

የልጅ ልጄ በእግሩ ጎሸም ሲያደርገው አየሁ።

"ምን ያህል ነው የሚያልፈው?"

"ኧረ ይተዉት፣ እማማ፣ ቀልዴን ነው።"

"እህሌን እየጎረስህ አትዋሸኝም። ንገረኝ።"

ነገረኝ። በልዩነቱ ብቻ አንድ ሰው ወሩን ሙሉ ጠግቦ ይበላበታል።

"እሱ የማያውቀው አንተ የምታውቀው ምን አለ?"

"ምንም። ኩሽኔታውንም ችንጋውንም እኩል ነው የምንቀይረው። ግን እኔ ተከራይ ነኝ፣ ለእንግዳ ይጨመራል ይላሉ። ሞጣ እያለሁ እኔም እናቴ ቤት ነው የምትኖር ተብዬ ልክ እንደሱ ነበር የሚከፈለኝ። ወደዚህ የተቀየርሁትም ለዚሁ ነው።"

"እንግዲያውስ ሁለታችሁንም የማበላ እኔ፣ የሚከፈለው ግን ለአንተ!"

ልጁ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሰሐኑ ላይ አስቀመጠ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ። "አንሳና ብላ፣ ጠቤ ከአንተ ጋር አይደለም" አልሁት።

ሰኞ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ ፋብሪካው ደጅ ደረስሁ። ሥራ አስኪያጁ ከሌላ አገር የመጣ ጎልማሳ ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

"እናቴ፣ ደመወዝ እንደየቦታው ነው" አለኝ። "እንግዳ ሲሆን ኪራይ አለበት፣ ምግብ አለበት። የእርስዎ ልጅ እኮ ይህ ሁሉ የለበትም።"

"እሱ ባይኖርበት እኔ አለብኝ።"

"እርስዎ የእኛ ሠራተኛ አይደሉም።"

"ሠራተኛችሁን ግን የማበላው እኔ ነኝ። ዱቄት ልገዛ ስመጣስ ቤት አለሽ ብለህ ትቀንስልኛለህ?"

ሳቀ። ሳቁ ክፋት ስላልነበረበት ይበልጥ ተናደድሁ።

"እርስዎ ጠበቃ መሆን ነበረብዎት።"

"ዳኛ ባገኝ እሆን ነበር።"

"እንግዲህ ሞጣ ይሂድ" አለኝ። "እዚያ እንግዳ ስለሚሆን ይጨመርለታል። ደንቡ ይኸው ነው።"

ላም እሳት ወለደች የሚባለው በእኔ ደረሰ። ልጁ የሚያገባት ልጅ አለችው፣ ጎጆ መውጣት ይፈልጋል፤ በዚያ ደመወዝ ደግሞ ጎጆ አይወጣም። ልስደደው አንጀቴ እንቢ አለ። ላስቀረው ዕድሜውን እኔው መብላቴ ነው። መላውን ያመጣው የሞጣው ልጅ ነው።

"እናቴ ብቻዋን ናት፤ አልጋዬም ባዶ ነው" አለ። "እሱ እናቴ ዘንድ ይደር፣ እኔ ደግሞ እዚህ። ኪራይ የሚባል ነገር ለማንም አንከፍልም፤ ሁለታችንም ግን የእንግዳ ደመወዝ እንበላለን።"

ሥራ አስኪያጁም ሰምቶ አልከለከለም። ደንቡ የሚያየው ወላጅህ ወይም አሳዳጊህ የት ነው የሚለውን እንጂ ማን ቤት አደርህ የሚለውን አይደለም።

እንዲህ አድርገን ልጅ ተለዋወጥን። የልጅ ልጄ በሶውን ይዞ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ሞጣ ወጣ፤ የሞጣው ልጅ በማታው ፍራሹን ተሸክሞ ገባ።

ከእናቲቱ ጋር በዓይን ሳንተያይ በስልክ ተዛመድን።

"ልጅሽ ወጡ ላይ ጨው ይነሰንሳል፣ ምን ላድርገው?" ትለኛለች።

"ጨውን ደብቂው። የአንቺስ በእንቅልፉ ይለፈልፋል።"

"ከልጅነቱ ነው እህቴ። በስሙ ስትጠሪው ዝም ይላል።"

በስሙ እጠራዋለሁ፤ ዝም ይላል። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልዋሽም፤ ውኃ ይቀዳልኛል፣ ጌሾዬንም ገበያ ድረስ ይሸከምልኛል። ነገር ግን የእኔው ከሥራ ሲመጣ በሩን በእግሩ ገፍቶ ነበር የሚገባ። ይህኛው ያንኳኳል። "ግባ፣ ቤትህ አይደለም ወይ?" ብለው፣ ብቆጣው፣ በማግስቱም ያንኳኳል። በተንኳኳ ቁጥር የማን ልጅ ማን ቤት እንዳለ ትዝ ይለኛል። ሞጣ ያለችውም ሴት እንዲሁ ትሆን ነበር፤ አንድ ቀን፣ "ልጅሽ በሩን ሲበረግደው ልቤ ይደነግጣል" ብላኛለች።

መንገድ በተዘጋበት ክረምት ሴቲቱ ታመመች። ስልክም አንድ ቀን ሠርቶ ሌላ ቀን ይጠፋ ነበር። የልጅ ልጄ አዝሎ እስከ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሳት። አልዳነችም። ስልኩ በተከፈተ ቀን የደወለው ለእኔ ነው።

"እማ፣ ቀበርናት" አለኝ። "ልጇ በሌለበት አስከሬኑ ራስጌ ቆሜ አፈር ያለበስኋት እኔ ነኝ። ልትሞት ስትል እጄን ይዛ በሱ ስም ጠራችኝ።"

"ምን አልሃት?"

"አቤት አልኋት።"

መርዶውን መንገር በእኔ ላይ ወደቀ። ከእድራችን ሽማግሌዎች ይዤ ማለዳ፣ እሱ ለሥራ ሲነሣ ገባን። የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።

"እማማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሽማግሌ በዛ? ልትድሩኝ ነው?" አለ።

ፊታችንን አየ። ክሩን እንደያዘ ቀረ።

ለድንኳኑ ከእድሩ ሰዎች አንዱ፣ "ይህ ሰው አባል አይደለም፤ ከእርስዎ ጋርስ ዝምድናው ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። "የእኔ ልጅ የሱን እናት ቀብሯል። አንተ ከዚህ የበለጠ ዝምድና ካወቅህ ንገረኝ" አልሁት። ድንኳኑ በደጄ ተተከለ። እድራችን ባለ ሱቁም ጌሾ ሻጯም እኩል ይከፍሉበታል፤ ለሁሉም የሚተከለው ድንኳን ያው ነው። ልጁ በእኔ ቤት ለቅሶ ተቀመጠ። በእነዚያ ቀናት እርስዎ ማለቱ ጠፍቶት አንቺ አለኝ። እኔም አላረምሁት።

መንገዱ ሲከፈት ወደ እናቱ መቃብር ሄደ፤ ፋብሪካውም እዚያው ሞጣ አስቀረው። ጥቂት ቆይቶ ደወለልኝ። እያለቀሰ ነበር።

"እማማ፣ ደመወዜን አልቀነሱብኝም። አሁን በገዛ አገሬ ሙሉውን ይከፍሉኛል።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?"

"እናትህ ስለሌለች እንግዳ ነህ አሉኝ።"

የልጅ ልጄ ከዚህ በኋላ ሞጣ መቀመጥ አስጠላው። "እማ፣ ይቀንሱብኝ፤ እመጣለሁ" አለኝ። "የአንቺን እጅ ሌላ ሰው እንዲይዝልኝ አልፈልግም።"

"በተቀነሰ ደመወዝ ጎጆ አይወጣም። ቆይ፣ እኔ ልጠይቅልህ" አልሁት።

ጉልበቴ እንደ በፊቱ አይደለም። በምርኩዝ ፋብሪካው ደረስሁ። ያው ሥራ አስኪያጅ ደግፎ አስቀመጠኝ፣ ለሞጣዋ ሴትም ነፍስ ይማር አለ።

"የሞጣው ልጅ በገዛ አገሩ ሙሉ ደመወዝ ተፈቅዶለታል" አልሁት። "እሰየው። የእኔም ልጅ ያንኑ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።"

እሱ በራሱ እንደማይወስን ነገረኝና ለባለቤቱ ደወለ። ጉዳዩን አስረዳ፣ ደግሜም ላስረዳ አለ፣ ቆሞ ብዙ ሰማ። ስልኩን ሲዘጋ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ዱቄት በጣቱ ወዲያና ወዲህ እየጠረገ መለሰልኝ።

"እናቴ፣ ለሱ የተፈቀደለት እናቱ ስላረፉ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎትና፣ እርስዎም ሲያልፉ ቤቱ ለቀበሌ ይመለሳል። ያን ጊዜ ለእርስዎም ልጅ ወዲያውኑ ይጨመርለታል።"