የልብስ አጣቢዋ ጣቶች

ብርቄን የሚያውቅ ሁሉ እጇን ያውቃል። የሙሽራ ቬሎ ቢሆን፣ የቄስ ጋቢ ቢሆን፣ የሆቴል አንሶላ ቢሆን፣ አሰላ ውስጥ በእሷ እጅ ያላለፈ ነጭ ልብስ የለም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ከልጅነቷ ጀምራ በሳሙናና በበረኪና ስትዘፈዝፍ ኖራ፣ አሁን በስተርጅና እጇ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከጭላሎ የሚወርደው የኅዳር ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይደማል። እሷ ግን ስለ እጇ ሲነሳባት አትወድም። «እጅ የተፈጠረው ለሥራ እንጂ ለመታየት ነው እንዴ?» ትላለች።

ነገር የመጣው ገበያ ውስጥ ሞባይሏን የተሰረቀች ዕለት ነው። ለሌላው ሰው ስልክ ዕቃ ነው፤ ለብርቄ ግን የአንድ ልጇ የናዝሬት ድምፅ የሚመጣበት በር ነበር። ናዝሬት ቤይሩት በሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ስልክ አይፈቅዱላትም፤ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ያገኘችውን ያገር ልጅ ስልክ ለምና፣ በቃሏ ወደምታውቀው ብቸኛ ቁጥር፣ ወደ እናቷ ትደውላለች። እንግዲህ ያ ቁጥር ተዘጋ። መልሶ ለማውጣት ዲጂታል መታወቂያ ያስፈልጋል ተባለች፤ ለመታወቂያው ደግሞ የጣት አሻራ።

ብርቄ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? «ለመንግሥት የሚሰጥ ጣት መጽዳት አለበት» ብላ በማለዳ ተነሥታ፣ ጣቶቿን በረኪና ውስጥ ነክራ በእግር መፈተጊያ ድንጋይ ፈተገቻቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። ምዝገባ ላይ የተቀመጠችው ነቢላ ጣቶቿን አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ አስጫነቻት፤ መስታወቱን ወልውላ እንደገና አስጫነቻት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ።

«አዴ ብርቄ» አለቻት ነቢላ በኦሮሞ አክብሮት፣ «ማሽኑ የጣትዎን መስመር አላገኘም። ጣትዎ በጣም ደርቋል። ትንሽ አለስልሰውት ይምጡ።»

«እኔ ፊቱ ቆሜ እንዴት የለችም ይላል?»

አለስልሰውት ይምጡ ይሏታል! ብርቄ ማለስለስ የምታውቀው በቅቤ ነው። በማግስቱ ለጋ ቅቤ እስከ ክርኗ ተለቅልቃ ከተፍ አለች። ጣቷ መስታወቱ ላይ ሸርተት፣ ሸርተት። ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ፤ ነቢላም መስታወቱን እየወለወለች ከንፈሯን ነከሰች። ብርቄ አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ በሯን ስትዘጋ ግን ሳቁ ለቅሶ ሆነ።

ግቢዋ ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው ነርስ፣ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው ሲስተር ሐመልማል፣ ለቅሶውን ሰምታ ገባች።

«ልጄ ይኼኔ እየደወለች ይሆናል» አለች ብርቄ። «እናቴ ሞታለች ብላ ተስፋ ትቆርጣለች።»

ሐመልማል እጇን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። «እትዬ ብርቄ፣ ቅቤው ጥፋት የለበትም። የቀቡት ግን ደረቅ ቆዳ ላይ ነው። ቆዳ የሚጠማው ውኃ ነው፤ ቅባት ክዳኑ ነው። ባዶ እንስራ ቢከድኑት ምን ይረባል?»

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሥርዓት ሆነ። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፤ መፈተግ የለም። በፎጣ ጠብ ጠብ አድርጎ፣ እርጥበቱ ሳይሄድ ውኃ የተቀላቀለበት ግሊሰሪን መቀባት፤ በላዩ ቫዝሊን። ሊተኙ ሲሉ ንጹሕ የጥጥ ካልሲ እጅ ላይ ማጥለቅ። ፊቷም አልቀረላት፤ «ፊትም ቆዳ ነው» ብላ ሐመልማል ጨመረችበት። ያጣላቸው ልብስ ስታጥብ እንድታጠልቀው የታዘዘላት የላስቲክ ጓንት ብቻ ነው። ብርቄ የልብስን ንጽሕና በጣቷ ነው የምታውቀው፤ «ዓይኔን አስረሽ ሂጂ አልሽኝ እኮ!» ብላ አኮረፈች፤ ግን አጠለቀችው። ጎረቤቶቿ «ብርቄ ልታገባ ነው» እያሉ ሲቀልዱባት ከረሙ።

አንድ ጠዋት ሐመልማል ደጃፉ ላይ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጠቻትና የስልኳን ካሜራ ወደ አውራ ጣቷ አስጠጋች። ብርቄ ስክሪኑን አየች። መስመር ከመስመር ጎን፣ አንዱ ሌላውን ሳይነካ፣ ዞሮ ተጠምዝዞ መሐል ላይ ክብ ይሠራል። የታረሰ የኢተያ ማሳ ከኮረብታ ላይ ሲያዩት እንዲህ ነው።

«ይህ የማን ነው?»

«የርስዎ ነዋ። እናትዎ ሆድ ውስጥ ሳሉ የተሠራ። እንዲህ ያለ ጣት ያለው ሌላ ሰው የለም።»

«በረኪናው በልቶ ጨርሶት አልነበር?»

«ላዩን ነው የበላው። ቆዳ ከሥር እየታደሰ ይወጣል፤ ሲያረጁ ይዘገያል እንጂ አይተውም።»

ብርቄ አማተበች። ያን ሁሉ ዘመን በበረኪና ስታጠፋ፣ ከሥር ሆኖ፣ ምንም ሳይቆጣ፣ መልሶ የሚጽፍላት ነበር! እሷ ተኝታ፣ እሷ ረስታው! ዕለቱን ሥራ አልያዝ አላት። መንገድ ወጥታ የሰው እጅ ስታይ ዋለች፤ የሽንኩርት ነጋዴዋን፣ የጋሪ ነጂውን፣ ለማኙን። ሁሉም የራሱን፣ ሌላ ማንም የሌለውን ጽሑፍ በጣቱ ይዞ ሳያየው ያልፋል። ይህን ሳታውቅ ማርጀቷ አስደነቃት፤ ሳትሞት ማወቋ ደግሞ ይበልጥ አስደነቃት።

ወደ ነቢላ የተመለሰችው በዚያው ሳምንት ነው። ጣቷን ጫነች። ነቢላ ስክሪኑን አየች፣ ቀና ብላ ብርቄን አየች፣ «አልሐምዱሊላህ! አዴ፣ ገባ!» አለች። ሰልፈኛው በእልልታ ተቀበለው።

መታወቂያው ወጣ፣ ቁጥሩም በርካሽ በገዛችው ስልክ ላይ ተከፈተ። ስልኩ ግን ዝም አለ። ብርቄ ጡቷ ሥር ሻጥ አድርጋው ትውላለች፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ አላጠፋችውም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጮኸ።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ፣ ናዚዬ! አለሁ!»

«የሞትሽ መስሎኝ… ስደውል ስደውል…»

ብርቄ ያጠራቀመችው ወሬ ሁሉ ከአፏ ጠፋ። የወጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እጅሽ እንዴት ነው?»

 ከወዲያ በኩል ናዝሬት እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ተልጧል እማዬ። ቀኑን ሙሉ በበረኪና ነው። ጣቴ መስመር እንኳ የለውም፤ የሰው እጅ አይመስልም።»

«ስሚኝ፣ ስልኩን ሳይቀበሉሽ። ታጥበሽ ውኃው ሳይደርቅ ቀቢው፤ ሌላ ካጣሽ የወጥ ቤት ዘይትም ይሁን። ደግሞ አልጠፋም፣ ልጄ። ከሥር አለ። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»