ለቅርስ ምረቃ የተማገደው በር

ባለፈው ቅዳሜ... እዚህ ቡታጅራ፣ ፊደል የቆጠርንበት አሮጌ ትምህርት ቤት «የባህል ማዕከል» ሆኖ ተመረቀ። አስተማሪ ስለሆንኩ እኔም ተጠራሁ። ለጭብጨባ መሆኑ ነው።

የሄድኩት ከጎረቤቴ ከአባባ ነስሩ ጋር ነው። ሰማንያን ያለፉ አናጺ ናቸው። ያኔ አገሬው ድንጋይም ጉልበትም አዋጥቶ ትምህርት ቤቱን ሲሠራ የአባታቸው ድርሻ ዋናው በር ነበር። ከጥድ እንጨት አባትና ልጅ ሆነው ሠሩት።

«የአባቴን እጅ ሥራ ዛሬ ዳብሼ እመለሳለሁ» ይሉኛል መንገድ ላይ። ነጭ ኮፍያቸውን አጥበው አድርገዋል።

ደረስን። የድንጋዩ ግድግዳ ሮዝ ተቀብቷል። በሩ አሉሚኒየም ከነመስታወቱ... ባንክ የገባን ነው የመሰለኝ። ከላዩ «ቅርሳችንን እንጠብቅ» የሚል ባነር ተሰቅሏል።

አባባ ነስሩ አሉሚኒየሙን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ስለ ቅርስ ግማሽ ሰዓት ለፈለፈ። ሲጨርስ ጠጋ ብዬ «አሮጌው በርስ?» አልኩት።

«አይ መምህር፣ እሱ እኮ አርጅቷል። ዘመናዊ አደረግነው።»

ያረጀ ነገር ለመጠበቅ የተሰበሰበ ኮሚቴ ነው እንግዲህ ይሄ።

ለምሳ ወደ ጓሮ ተጠራን። ለክትፎው የሚሆን ቆጮ እዚያው ይጋገራል። አባባ ነስሩ ምድጃው አጠገብ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ገና ያልተማገደ ፍልጥ ተከምሯል፤ አንዱ ላይ የበር ማጠፊያ ከነምስማሩ አለ።

«ይሄ የኛ በር ነው» አሉ ቀስ ብለው።

የምትጋግረዋ ሴት አንገቷን ደፋች። «አባባ፣ ኮሚቴዎቹ ናቸው አስፈልጠው የሰጡኝ።»

ሰብሳቢው ይሄን ሰምቶ መጣ። ዓይኑን በጨው አጥቧል። «አባባ፣ ምንም አያስቡ፣ ፎቶው አለን። በትልቁ አሳትመን አዳራሹ ውስጥ እንሰቅለዋለን።»

«እንግዲያው እኔንም ፎቶ አንሱኝና ማግዱኝ» አሉት።

ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ካሜራ የያዘውን ልጅ ጠርቶ «ና አባባን አንሳቸው» አለው... ከምሩ እኮ ነው። አነሳቸውም።

አባባ ነስሩ ምንም ሳይቀምሱ፣ ሳይሰናበቱ ወጡ።

ሰብሳቢውን መናቅ ቀላል ነው፣ ንቄዋለሁ። እኔ ግን በዚያ በር እሳት የተጋገረውን ቆጮ በልቼ፣ እጄን ታጥቤ ነው የተከተልኳቸው።