ካርዷን እኛ ጋ የምትተው ሴት

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት፣ የቀጠሮ ካርዳቸውን ወደ ቤት ይዘው የማይሄዱ ሴቶች ነበሩ። ካርዷ ትንሽ ወረቀት ናት፤ አማት ሳጥን ስታጸዳ ካገኘቻት ግን ቤት ትበጠብጣለች። ስለዚህ «እዚሁ ይቀመጥልኝ» ይሉኛል። እኔም ከሌሎቹ ለይቼ በመሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ቀጠሯቸውንም ሰው ሳይጠረጥር እንዲመጡ ከገበያ ቀን ጋር አገጣጥማለሁ። ይህን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም፤ ሴቶቹ ናቸው ያስተማሩኝ።

ከእነሱ አንዷ ከአጎራባቿ ከተማ ከቆሼ በኩል በርበሬ ይዛ የምትመጣ ሴት ነበረች። ስድስት ወልዳለች። የመጨረሻውን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ነው የተረፈችው፤ ሐኪሙም እንደገና ማርገዝ ሕይወቷን እንደሚያሰጋ ነግሯታል። ባሏ ይህን ሰምቶ «አላህ ያውቃል» ብሎ አለፈው። ክፉ ሰው ነው ስትል አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም። እሱ ሌላ ልጅ ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ያሉትን ለማሳደግ በሕይወት መቆየት ትፈልጋለች። በየሦስት ወሩ ጆንያዋን ለአጠገቧ ነጋዴ አደራ ትልና እየሮጠች መጥታ መርፌዋን ትወጋለች። በርበሬው ከልብሷ ላይ ተነስቶ ያስነጥሰኛል፤ እሷ ትስቃለች። «ሲስተር፣ አንቺን ያስነጠሰ በርበሬ ዛሬ ሳይሸጥ አያድርም» ትለኝ ነበር።

በዚያው ጤና ጣቢያ እኔን በሙያው ያሳደገችኝ ነርስ አለች፤ ታላቄ እላታለሁ። ወልቂጤ ስማር ለተግባር ልምምድ የተመደብኩት እሷ ጋ ነበር። መርፌ መውጋት ስጀምር እጇን በእጄ ላይ ደርባ ያለማመደችኝ እሷ ናት። «ሰው ገላውን ሲያሳይሽ ልብሱን ብቻ አይደለም የገለጠልሽ፤ ያየሽውንና የሰማሽውን እዚሁ ትተሽ ነው ቤትሽ የምትገቢው» ያለችኝም እሷ ናት። እኔ ግትር ነኝ፤ የሰው ምክር ቶሎ አይዋጥልኝም። ይህንን ግን እንደ መሐላ ያዝኩት።

መስቀል ሲደርስ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ ቡኢ ልሄድ ተነሳሁ። የሶዶ ጉራጌ ልጅ መስቀልን ከቤቱ ርቆ አይውልም። ባልደረቦቼ ክትፎው ጠራት እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ እኔ ክፍሉን ለታላቄ አስረከብኩ። የበርበሬ ነጋዴዋ ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ነበር። ስሟ ጮክ ተብሎ እንዳይጠራ፣ ከወረፋው መሃል በዓይን ጠቅሳ እንድታስገባት፣ ካርዷም ከመሳቢያው እንዳይወጣ ነገርኳት። ለምን እንደሆነም ነገርኳት፤ ሥራ ሲረካከቡ እንዲህ ያለው ካልተነገረ የሚጎዳው ታካሚው ነው። አይዞሽ፣ አንቺ በዓልሽን ብዪ አለችኝ።

ስመለስ መርፌው ተሰጥቷል፤ ካርዱም ላይ በሥርዓት ተጽፏል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ሴትዮዋ አልመጣችም። ሁለት ገበያ ጠብቄ ቀረችብኝ። በሦስተኛው በምሳ ሰዓት በርበሬ ተራ ወረድኩ፤ በእሷ ቦታ የባሏ እህት ተቀምጣ አገኘሁ። አጠገቧ ያለችው ነጋዴ ተከትላኝ ወጣችና ነገሩን አጫወተችኝ። ባል ሰምቷል። ገበያ መውጣት ተከልክላለች። ወሬውን ያወጣችው የመርፌዋ ሲስተር ናት ይባላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ገበያው ሁሉ ያወራውን እኔ በመጨረሻ ሰማሁ። በዚያ አገር የመርፌዋ ሲስተር የሚሉት ደግሞ እኔን ነው።

በቀጥታ ወደ ታላቄ ሄድኩ። አልካደችም፤ ብትክድ ይሻለኝ ነበር። የባልየው እናት የታላቄ መንደር ሰው ናቸው። ልቅሶ ቤት ተገናኝተው፣ ምራቴን ሰው ማህፀኗን አሰረባት ብለው አልቅሰውባታል። እሷም አንጀቷ አልቻለም፤ የታሰረ ነገር የለም፣ መርፌ ነው አለቻቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በማግስቱ ቆሼ ደረሰ።

«ጋውን ስለብስ ነርስ ነኝ» አለችኝ ረጋ ብላ፤ «ልቅሶ ቤት ግን ልጃቸው ነኝ። ቤት በውሸት አይቆምም። አንቺ ገና አላገባሽም፤ አይገባሽም።»

ደሟ የፈሰሰ ቀን በየትኛው ልብስሽ ነው የምትደርሺላት ብዬ ጠየቅኳት። ያን ቀን የያዘኝን ንዴት ዛሬም አልተውኩትም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል የሰው ተረት ይመስለኝ ነበር።

ለኃላፊያችን አመለከትኩ። እሱም በዕድሜ የገፉ ሁለት ባልደረቦች ጠራና እንደ ሽማግሌ አስቀመጣቸው። እህትማማቾች ናችሁ፣ ለአንድ ወሬ አትጣሉ ተባልን። ስለ ታካሚዋ መብት ሳነሳ ልጅቷ ቁጡ ናት እያሉ ሳቁ። በመጨረሻ ተሳሳሙ ተብለን ተሳሳምን። የተበደለችው ቆሼ ተቀምጣ፣ ቡታጅራ ላይ የታረቅነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲያ ከሥራ ጉዳይ በቀር ከታላቄ ጋር ቃል አልተለዋወጥኩም። ክዳኛለች፤ ይህንን ቃል በሌላ ላለሰልሰው ብዙ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሴትዮዋ እንዳልሞተች ቀድሜ ልናገር። ኋላ ሆስፒታል ወልዳ፣ ደም ተሰጥቷት ተርፋለች። እኔ የማልረሳው ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሆዷ ገፍቶ ለእርግዝና ክትትል የመጣችበትን ቀን ነው። የባሏ እህት አብራት ነበረች። በረንዳው ላይ ታላቄን ስታይ ቀና ብላ «አሰላሙ አለይኩም» አለቻት፤ እጇንም ይዛ ሳመችው። በእኔ በኩል ስታልፍ ግን ፊቷን አዞረች። የዚያን ቀን ደም ግፊት የምለካው እኔ ነበርኩና የግዷን መጥታ ፊቴ ተቀመጠች።

የባሏን እህት ካርድ ክፍል ላክኳትና ሁለታችን ቀረን። ክንዷን ሰጠችኝ፤ ዓይኗ ግን ግድግዳው ላይ ነበር። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። እጇን የሳምሽላት ሴት ናት ያወጣችብሽ ልላት ነው። ግን መውለጃዋ ሁለት ወር አልቀረውም። እኔን አታምነኝም፤ ታላቄንም ማመን ከተወች ወደዚህ ግቢ ተመልሳ አትመጣም። ካልመጣች ቤቷ ትወልዳለች፤ ቤቷ ከወለደች ምን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ዋጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረ ነገር ውጬ አላውቅም።

ግፊቷን ለክቼ እየጻፍኩ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየች።

«ሲስተር፣ ስለኔ ለሰው ተናግረሻል ወይስ አልተናገርሽም?»

አልተናገርኩም ብል ታምነኝ ነበር መሰለኝ፤ ልታምነኝ የፈለገች ትመስል ነበር። ማን ለማን እንደነገረ ሳልገልጽ የምላት እውነት ግን አንድ ብቻ ነበረች።

«ለአንድ ሰው ተናግሬያለሁ» አልኳት።

መለኪያውን ራሷ ከክንዷ ላይ ፈታችና አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እጅጌዋን አወረደች። ሆዷን ደግፋ ተነሳች።

«እኔም ለአንድ ሰው ነበር የነገርኩት» አለችኝ።