ያዘነበለችው ሰባት

ሞያሌ ውስጥ መኪናን በታርጋው የሚያምን ሞኝ ነው። ታርጋ ድንበር ሲሻገር ይለወጣል፤ ቀለምም እንደዚያው። ስለዚህ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና የገዛ ሁሉ የሞተሩን ቁጥር እንዳነብለት ወደ እኔ ወደ ፈንዲው፣ ማለትም ወደ መካኒኩ ይመጣል። ቅባቱን በናፍጣ አጥባለሁ፣ ጠመኔ እቀባለሁ፣ በጨርቅ እጠርጋለሁ። ነጩ ጉድጓዱ ውስጥ ሲቀር ቁጥሩ ይወጣል። የፊተኞቹ አሃዞች የሞተሩን ዓይነት ይናገራሉ፤ የኋለኞቹ ተራ ቁጥሩ ናቸው።

ከሥራ ስገባ እናቴ እጄ ላይ የቀረውን ቅባትና ጠመኔ አይታ፣ «ዛሬስ ምን አነበብክ?» ትለኝ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በመኪናችን ወደ ኬንያ፣ ወደ ማርሳቢት እንደወጣ ከቀረ ብዙ ዓመቱ ነው። እሱም መኪናውም አልተገኙም። «የእኛ አይደለም» ስላት «ተመስገን» ትላለች። መኪናው ካልተገኘ፣ ለእሷ ልጇ እየነዳው ነው። ያናድደኛል፤ ግን ምን ልበላት?

በቀደም አንድ ሽማግሌ ጎዶማ ከሚባል መንደር የገዙትን አሮጌ መኪና እየነዱ መጡ።

«ፈንዲ፣ ለሎግቡክ ቁጥሩን አውጣልኝ» አሉኝ፤ የመኪናውን ደብተር ማለታቸው ነው።

ቀባሁ፣ ጠረግሁ። ከመጨረሻው ሁለተኛዋ ሰባት ወደ ግራ አዘንብላለች።

ያቺን ሰባት የመታኋት እኔ ነኝ። የመኪናችን ሞኖብሎክ፣ የሞተሩ ዋና አካል፣ ተሰንጥቆ በሌላ ስንተካው፣ የድሮውን ቁጥር በአዲሱ ላይ በመዶሻ ስመታ ወንድሜ አሳቀኝና እጄን አሳተኝ። «ሰክራ ነው የቆመችው» እያለ ሲያላግጥብኝ ከረመ።

«ሞተሩ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«የሸጠልኝ ሰውዬ ከቁራሌው ገዝቶ ነው የገጠመው። ምነው፣ ችግር አለው?»

«የለውም።»

ቁጥሩን ጽፌ ሰጠኋቸው። ሞተሩን አስነስተው ሲሄዱ ድምፁን እስኪርቅ ሰማሁት። አሁንም ሥራ ላይ ሳለሁ እሰማዋለሁ፤ ቀና ስል ማንም የለም።

ቁርጥ ያጠግባል ይላሉ። ይህን ያለ ሰው እናቴን አያውቃትም። እንዳትጠይቀኝ ብዬ ጋራዡ ውስጥ እጄን በሳሙና እስኪቀላ ፈተግሁት። ቤት ስገባ እንደ ልማዷ እጄን አየች። ያዘችና መዳፌን ገልብጣ፣ ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ታጥበህ መጣህ» አለችኝ።

እጄን ቀስ ብላ ለቀቀችው።

አሁን ሳልታጠብ ነው የምገባው። ምን አነበብክ ግን አትለኝም።