ሪዳርሆልመን ላይ የደበቅኩት ሳጥን

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ ባቡር ውስጥ ከፊት ለፊቴ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን እያየች ድንገት «አባዬ!» ብላ ጮኸች። አማርኛ ስሰማ ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ስልኳ ላይ የአባቷ ፎቶ ተለጥፏል፤ ከሥሩ ሰዎች «ነፍስ ይማር» እያሉ ጽፈዋል። አገር ቤት ያለ አንድ ዘመድ ነው አሉ ቸኩሎ የለጠፈው። እጇን ይዤ ቆምኩ። አብሬያት ወርጄ፣ እህቷ እስክትደርስ ጣቢያው ላይ ወዲያ ወዲህ ስንል፣ ስንት ዘመን ያላነሣሁት አንድ የጥር ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ያን ቀን እኔ ትዳር ልጠይቅ ነበር የወጣሁት።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። ከኮምቦልቻ የመጣሁ፣ ስዊድን ውስጥ ፊቲያ በሚባል ሰፈር ከያሲን ጋር አንድ ቤት የተጋራሁ ጎረምሳ ነበርኩ። ያሲን በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ቤት ለቤት እየዞረ አረጋውያንን ስለሚረዳ ነው መሰለኝ አነጋገሩም የሽማግሌ ነበር። እኔ አውቶቡስ አጥባለሁ። ተፈጥሮዬ መቀመጥ አይሆንለትም። ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ ቆሜ ነው የምበላው። ይህን ያየ አንድ ስዊድናዊ የሥራ ባልደረባዬ «አንተ እግርህ ሥራ ይፈልጋል» አለኝና የሳጥን ፍለጋ ጨዋታ አስተማረኝ።

ጨዋታው ቀላል ነው። አንዱ ትንሽ ሳጥን የሆነ ቦታ ይደብቅና መገኛውን ኢንተርኔት ላይ ያወጣል። ሌላው በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ይዞ ይፈልጋል። ያገኘ ሰው ስሙን ጽፎ፣ አንዲት ነገር ወስዶ አንዲት ነገር አስቀምጦ፣ መልሶ ይደብቀዋል። ሽልማት የለው፣ ጭብጨባ የለው። ከበድ የሚለው ዓይነት ደግሞ እንቆቅልሽ አለው፦ ከአንዱ ታሪካዊ ቦታ ወደ ሌላው እየሄድክ፣ ከግድግዳው፣ ከድንጋዩ፣ ከበሩ ላይ ቁጥር ትለቅማለህ፤ ቁጥሮቹ ሲገጣጠሙ ሳጥኑ ያለበትን ይነግሩሃል። ያሲን ይህን ስነግረው «እና ያለ ደመወዝ ነው?» አለ።

ሐናንን ይህን ጨዋታ ያስለመድኳት እኔ ነኝ። በሕፃንነቷ መጥታ አካላ በሚባል ሰፈር ያደገች ልጅ ናት። አማርኛ ሲያወሯት አንድ ቃል አያመልጣትም፤ መልሱ ግን በስዊድንኛ ነው የሚመጣው። በዚያ በልግ ስንት ቅዳሜ አብረን ዞርን! ጫካው እንጉዳይ እንጉዳይ ሲሸት፣ በዝናብ ጃኬት፣ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ። ከእኔ ይልቅ እሷ ናት ቶሎ የምታገኘው። አግኝታ ስትዞርና ስትስቅ እኔ ሳጥኑን አላየውም፤ እሷን ነው የማየው። ወድጃት ነበር፤ ምን ይደበቃል! ግን አንድም ቀን አፌን ሞልቼ አልተናገርኩም። ይህንኑ እንዳቅማማሁ ጥር ደረሰና፣ ሰሜን፣ ኡሜዮ ከተማ ነርስነት ልትማር እንደምትሄድ ነገረችኝ። የምትሄደው ማክሰኞ ነው። ኡሜዮ ደግሞ ቅርብ አይደለም፤ እዚያ የሄደ ሰው እዚያው ሥራ ይዞ፣ እዚያው አግብቶ ይቀራል እየተባለ ይወራ ነበር።

ቀለበት ገዛሁ። ቀለበቱን ሳጥን ውስጥ ላድርገው፣ ሳጥኑን ልደብቀው፣ እንቆቅልሹን እሷው ፈትታ ትድረስበት አልኩ።

«ሽማግሌ ይላካል እንጂ ሳጥን ይላካል እንዴ?» አለ ያሲን።

«እሷ እዚህ ያደገች ናት። ሽማግሌ ብልክ ትስቅብኛለች።»

«እሷስ ትሳቅ። አባቷ የሳቁብህ ዕለት ምን ይውጥሃል?»

አልሰማሁትም። እኔ ሐናንን የማውቃት መስሎኝ ነበር፤ ልቧ የስዊድን ልጅ ነው ብዬ፣ ነገሩን በስዊድን ልክ ሰፋሁላት። መንገዱን አሮጌው ከተማ ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያ አደባባዩ ጥግ ካለው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰካችው የመድፍ ጥይት፤ ከዚያ ቀጭኑ ደረጃ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈው፤ ከዚያ የቤት ማዕዘን ውስጥ የተገነባው ጥንታዊ ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የተቀመጠችው መዳፍ የማትሞላ የብረት ልጅ፣ በክረምት ሰዎች ኮፍያ የሚያጠልቁላት። መጨረሻው ከድልድዩ ማዶ ያለችው ደሴት ሪዳርሆልመን፣ ውኃው ዳር፣ አንድ ዛፍ ሥር። የቀለበቱን ሳጥን ኢንተርኔት ላይ አላወጣሁትም፤ የእሷ ብቻ ነው። አንድ ሕግም አወጣሁ፦ ስልክ ክልክል ነው። ደውላ እንዳታባብለኝ የራሴንም ዘጋሁት። አይ ብልጠት!

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሮጌው ከተማ፣ ጋምላ ስታን ጣቢያ፣ ጂፒኤሱን ሰጠኋትና ሮጬ ወደ ዛፌ ሄድኩ። ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው የሚፈጅባት ብዬ ነበር።

አንድ ሰዓቱ አለፈ። በረዶው ይንኮሻኮሻል፣ ሐይቁ ዳር ዳሩን ግግር ሆኗል፣ ነፋሱ ከማዶ እየመጣ ጆሮ ይቆርጣል። በቴርሞስ ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ይዤ ነበር፤ ለሁለታችን ያልኩትን ብቻዬን ጨረስኩት። አንድ ግዙፍ ውሻ ባለቤቱን እየጎተተ መጥቶ ዛፌ ሥር ማሽተት ጀመረ። ወይ ጉዴ! ሮጬ በውሻውና በዛፉ መካከል ገብቼ ቆምኩ። ባለቤትየዋ «ውሻ ትፈራለህ?» አለችኝ። «በጣም» አልኩ፣ አልላወስም ብዬ። እየተቀየመች ወሰደችው።

ከዚያ ልቤ ሥራውን ጀመረ። ገብቷታል አልኩ። ደረጃው ላይ ስትደርስ ምን እንዳሰብኩ ገብቷት፣ መሣሪያውን ቦርሳዋ ውስጥ ወርውራ፣ አንድ ሞቃት ካፌ ገብታ ሴምላ የሚሉትን ክሬም የሞላበት ዳቦ እየበላች ነው። ደግሞ፣ አይ፣ አዳልጧት ወድቃ ይሆናል። ስልኬን አወጣለሁ፣ እመልሳለሁ። ከከፈትኩት ሕጉን ያፈረስኩ እኔ ነኝ። ከዛፉ እስከ መብራቱ፣ ከመብራቱ እስከ ዛፉ ስመላለስ በረዶው ላይ መንገድ አወጣሁ። እንደዚያ ቀን ራሴን የጠላሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሰማዩ መደብዘዝ ሲጀምር ከድልድዩ በኩል ሳቅ ሰማሁ። የሐናን ሳቅ ነው። ቀና ስል ብቻዋን አይደለችም፤ እትዬ ዘይነባን በክንዳቸው ደግፋ እየመጣች ነው።

እትዬ ዘይነባ የሐይቅ ከተማ ሰው ናቸው፤ ሮግስቬድ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት። አሮጌው ከተማ አንድ ምግብ ቤት ያጸዱ ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ የሁላችንም እናት ነበሩ። እወዳቸዋለሁ። ያን ሰዓት ግን ደሜ ፈላ። የሕይወቴን ጥያቄ ልጠይቃት ጠርቻት እትዬ ዘይነባን ይዛ ትመጣ?

«ሰይዶ!» አሉ ከሩቅ። «እንዲህ ያለ ጨዋታ እያለ ለእኔ የማትነግረኝ! ያቺን የመድፍ ጥይት ስንት ዘመን በሥሯ ስመላለስ ቀና ብዬ አላየኋት!»

«ደስ ካለዎት ጥሩ ነው እትዬ» አልኩ በጥርሴ።

ሐናን አየችኝ። ሳቋ አፏ ላይ ነው፤ ዓይኗ ውስጥ ግን የለም። «ያሲን ሲፈልግህ ነበር። ስልክህን ክፈት» አለችኝ፣ በአማርኛ።

«ሕጉ ቀረ?»

«ሰይድ። ክፈት።»

እትዬ መሣሪያውን ተቀብለዋት ቀስቱን እየተከተሉ ወደ ዛፉ አመሩ። ስልኬ ብርድ መትቶት ነፍስ እስኪዘራ ዘመን ፈጀ። ከዚያ መልእክቱ መጣ፣ ከሐናን፣ ከሰዓታት በፊት የተላከ፣ ያኔ እንደምናደርገው በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ፦ «የእትዬ ዘይነባ ወንድም ሞቷል። እሳቸው አያውቁም። እማዬ ደወለችልኝ፤ ቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ። ቤት ሰው እስኪሰበሰብ አቆዪያቸው ተብያለሁ። ምንም እንዳትል።»

እንድሪስ ማለት ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እትዬን በጀርባው አዝሎ ያሳደጋቸው ታላቅ ወንድማቸው። የእንዲህ ያለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ፣ መጥረጊያ እንደያዙ አይነገርም። ቤት ሰው ይሰበሰባል፣ የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ነው። ሐናን ከምግብ ቤቱ በር ላይ ጠብቃ «እትዬ ብቻዬን አልችለውም፣ ያግዙኝ» ብላ፣ «የእኔ ባትሪው አለቀ» ብላ ስልካቸውን ተውሳ ኪሷ ከትታ፣ ከመድፍ ጥይት ወደ ደረጃ፣ ከደረጃ ወደ ድንጋይ ስትጎትታቸው ውላለች። ከዚያ ሁሉ ሰው ለዚህ ነገር የማትሆነው እሷ ናት ብዬ እምል ነበር።

ገና ከስልኩ ቀና ሳልል «እልልልልል!» ሰማሁ።

እትዬ በረዶው ላይ ተንበርክከው ሳጥኑን ከፍተውታል። «ሐናንዬ! ቀለበት ነው! ሰይዶ፣ ይሄን አስበህ ነው? ውለዱ ክበዱ! አላህ ያኑራችሁ!» አንድ ሽማግሌ ስዊድናዊ መንገዱ ላይ ቆሞ አየን። ሐናን ቀለበቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ እሳቸውን አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሳቸው በሻርባቸው እየጠረጉላት «አልቅሺ፣ የደስታ ነው፣ አልቅሺ» አሉ። በብርድ የደነዘዘ ጣት ቀለበት ይጥላል ብለው በትንሿ ጣታቸው ላይ አጠለቁት፣ ቤት እስክንደርስ።

ወደ ሮግስቬድ በባቡር ስንሄድ ስለ ሠርጉ ነበር የሚያወሩት። «ማታ ለእንድሪስ እደውልለታለሁ። ማር ይልካል፣ አታውቁትም እሱን! እኔን ሲድር እንዴት እንደጨፈረ!» ሐናን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ «እሺ እትዬ» እላለሁ።

ቤታቸው ስንደርስ በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል፤ የበረዶ ቦት፣ የሴት፣ የወንድ። እትዬ ዘይነባ ደረጃው ላይ ቆሙ። ጫማውን አዩ። ዞረው ሐናንን አዩ።

«ማን ነው?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለቅሶ አልጽፈውም።

ሦስት ቀን እኔ ሳሎን ከወንዶቹ ጋር፣ ሐናን ማድ ቤት ከሴቶቹ ጋር ነበርን። ሻይ ይዛ ትመጣለች፣ ጎንበስ ብላ ታቀርባለች፣ ዓይኔን ሳታየኝ ትመለሳለች። በለቅሶ ቤት እሺ ወይስ እምቢ ተብሎ አይጠየቅ! በነጋታው ማክሰኞ ነው፣ ትሄዳለች። ተቀምጬ አልቀመጥም፤ ያሲን «እባክህ እግርህን ያዘው» እያለ ጉልበቴን ይጫነኛል።

ሰኞ ወደ ማምሻው ላይ እትዬ ሁለታችንንም አስጠሩን። ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አልቋል። ቀለበቱ አሁንም ትንሿ ጣታቸው ላይ ነው።

«ሐናን» አሉ። «ያን ቀን ባትሪሽ አላለቀም ነበር።»

«አላለቀም እትዬ።»

«ብቻሽንም ትችዪው ነበር።»

«እችለው ነበር።»

«አልተቀየምኩሽም። እንኳንም ባንቺ እጅ ሆነ። ግን አንድ ነገር አላስተኛ ብሎኛል።» ጣታቸውን አነሡ። «ይሄስ? ይሄም ማቆያ ነው? ወንድሜ ሞቶ እልል ያልኩት ለውሸት ነው?»

ሐናን በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ።

«አይደለም» አለች። «ይሄ እውነት ነው።»

«እና ምን አልሽው?»

«እሺ ብዬዋለሁ።»

አላለችኝም ነበር እኮ! እትዬ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «አልሐምዱሊላህ» አሉና ቀለበቱን ከጣታቸው አውልቀው በእጇ አስጨበጧት። እኔም ላልተባልኩት እሺ ምስክር ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ።

ማክሰኞ ሄደች። ትምህርቷን ጨርሳ ተመለሰች፣ ሽማግሌ ላክሁ፣ አባቷም አልሳቁም፤ ተጋባን። ልጆች አሉን፤ በስዊድንኛ የሚመልሱልን። እትዬ ዘይነባ ካረፉ ቆይተዋል፤ እስከ መጨረሻው «የእኔ እልልታ» እያሉ ነበር የሚጠሩን። ይህ ሁሉ ደስ ይለኛል። ግን እውነቱን ለመናገር፣ አንዲት ነገር ይህን ያህል ዘመን ውስጤን ስትቆረቁረኝ ኖራለች፦ ያቺ እሺ ለእኔ ነበረች ወይስ ላዘነች ሴት? ደግ ሰው ለማጽናናት ብሎ የማይለው ነገር የለም። ሐናን ደግሞ ምን ያህል አሳምራ ማቆየት እንደምትችል ያን ቀን አይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያቺን ልጅ ለእህቷ ትቼ ቤት ስገባ ሐናን ለማታ ተራዋ እየተሰናዳች ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ አፈረጥኩት፦ «እትዬ ባይጠይቁሽ ኖሮ እሺ ትይኝ ነበር?»

የሹራቧን እጅጌ እያስተካከለች፣ «እሳቸው ጠየቁኝ፣ መለስኩላቸው» አለች። «አንተ መቼ ጠየቅከኝ?»

ዘመኑን ወደ ኋላ ቆጠርኩት፤ ሳጥኑ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ኒካው። እውነቷን ነው። ሌላው ሁሉ ጠይቆልኛል፣ እኔ አልጠየቅኩም። በሩ ላይ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ እንደ ጎረምሳ እየተንተባተብኩ ጠየቅኳት።

ጫማዋን አሰረች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ።

«ላስብበት» ብላኝ ወጣች።